ፍላሹ ከፎቶኮፒ ቤት ሲመለስ፦ ቫይረስን የመለያ፣ የማጽጃና የመከላከያ መመሪያ

ባለፈው ክረምት አራት ገጽ ማመልከቻ ለማተም ሰፈራችን ያለ ፎቶኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ፍላሼን ተቀብላ ሰካች፣ አተመች፣ መለሰችልኝ። አምስት ደቂቃም አልፈጀም። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን ስድስቱ ፎልደሮቼ የሉም። በእነሱ ፋንታ የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ምልክት ብቻ ጉብ ብሏል። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «እህቴ፣ ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ አለበት» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ ጋ የሚመጣው በደንበኛ ፍላሽ ነው እኮ!» አለችኝ።

ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ዘመድ ወዳጅ ላፕቶፑ ሲታመምበት የሚደውለው ለእኔ ነው። እስካሁን ካየኋቸው ውስጥ ሰብሮ የገባ ቫይረስ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቹን ባለቤቱ ራሱ ነው በሩን የከፈተላቸው። የሆነ ነገር ሁለቴ ተነክቷል፣ ሳይነበብ «የስ» ተብሏል፣ አንቲቫይረስ «ለአፍታ» ጠፍቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ማሽኑ ከሚያወራው በላይ ስለ እጃችን ያወራል። ሁሉንም ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

መጀመሪያ፦ ምን እንደገባ መለየት

እኛ ሁሉንም «ቫይረስ» ነው የምንለው። ለወሬ ይበቃል፣ ለሕክምና ግን አይሆንም። ሐኪም ትኩሳት ያለውን ሁሉ ወባ አይለውም።

ቫይረስ በትክክለኛ ትርጉሙ ሌላ ፋይል ወይም ዲስክ ላይ ተለጥፎ የሚባዛው ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ «ብሬይን» ይባላል፤ በ1978 ዓ.ም. ከፓኪስታን ላሆር ከተማ ወጣ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት። የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥር ሳይቀር ውስጡ ጽፈውበት ነበር። የዛሬዎቹ እንዲህ ጨዋ አይደሉም።

ዎርም ወይም ትል የሚባለው ደግሞ የማንንም እጅ አይጠብቅም። በኔትወርክ ላይ ያልተደፈነ ቀዳዳ ፈልጎ ራሱ ይሳባል። ትሮጃን የሚጠቅም ፕሮግራም መስሎ ይገባና ከገባ በኋላ የመጣበትን ሥራ ይሠራል። ስፓይዌር ሰላይ ነው፤ የምትጽፉትን፣ የምታዩትን፣ የምትናገሩትን ይሰበስባል። የእሱ የቅርብ ዘመድ ዘራፊው ነው፤ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስዎርድ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ አፍሶ ይልካል። ራንሰምዌር ፋይሎቻችሁን ቆልፎ ቤዛ ይጠይቃል። አድዌር ማስታወቂያ እየደረደረ ያሰለቻችኋል፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

በተግባር ግን አንዱ ሌላውን አዝሎ ይመጣል። ትሮጃኑ ዘራፊውን ያስገባል፣ ዘራፊው ከጨረሰ በኋላ ራንሰምዌሩ ይከተላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ላፕቶፕ ስለተንቀራፈፈ ብቻ ቫይረስ አለበት ማለት አይደለም። «ቫይረስ ገባብኝ» ተብሎ ከተደወለልኝ ውስጥ ብዙው ዲስኩ በፊልም የሞላ ወይም ራሙ ያነሰው ነበር። የሚያስጠረጥሩት ሌላ ናቸው፦ አንቲቫይረሱ ሳትነኩት ጠፍቶ ስታገኙት፣ የማታውቁት ፕሮግራም ሲነሳ፣ የሰካችሁት ፍላሽ ሁሉ ቀስት ማብቀል ሲጀምር፣ ወዳጆቻችሁ «ምንድን ነው የላክህልኝ?» ሲሏችሁ።

ፍላሽን ማከም

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልቆይ። እኛ አገር ፋይል ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነው የሚዞረው።

ድሮ ፍላሽ መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር። ዊንዶውስ ፍላሹ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ሳይጠይቅ ያስነሳ ነበርና። ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. ይህን ልማድ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይም በአፕዴት ዘጋው። ቫይረስ ሠሪዎቹ ታዲያ ዝም አላሉም። «ማሽኑ ካላስነሳልን ባለቤቱ ያስነሳልን» ብለው ወደ ሾርትከት፣ ማለትም ሌላ ነገር ወደሚያስነሳው ባለ ቀስት ምልክት ዞሩ።

ቀስት ያለበት ያ ምልክት ፎልደር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ስትከፍቱት መጀመሪያ የተደበቀውን ስክሪፕት፣ ማለትም የቫይረሱን ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳል። ከዚያ እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን ይከፍትላችኋል። ፋይሎቻችሁን ስታዩ ምንም አትጠረጥሩም። እስከዚያ ድረስ ግን ላፕቶፑ ተይዟል፣ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ እየጠበቀ ነው።

ደስ የሚለው፣ ፋይሎቻችሁ አልጠፉም። ተደብቀው ነው። እንዲህ አውጧቸው።

1. ቀስት ያለበትን ምንም ነገር ሁለቴ አትንኩ። ፎርማትም አታድርጉ፣ ገና ነው።

2. ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱና ከላይ «ቪው» የሚለውን ተጫኑ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ሾው» ውስጥ ግቡና «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ እዚያው «ቪው» ውስጥ ታገኙታላችሁ።

3. ይህ ብቻ አይበቃም። ቫይረሱ ፎልደራችሁን የዊንዶውስ የራሱ ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቀው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡ፣ «ቪው» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ያስጠነቅቃችኋል። እሺ በሉት።

4. አሁን ፍላሹን እንደገና እዩት። ደብዘዝ ያለ ፎልደር ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ስም የለውም፤ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሳየው የዓይኔ ችግር መስሎኝ ነበር። ቀስት እንደሌለው አረጋግጡና ክፈቱት። ስድስቱም ፎልደሮቼ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

5. የራሳችሁን ሰነድና ፎቶ ብቻ እየመረጣችሁ ወደ ላፕቶፑ ቅዱ። «ሁሉንም ምረጥ» እንዳትሉ። ስማቸው በኢኤክስኢ፣ በቪቢኤስ፣ በጄኤስ ወይም በባት የሚያልቅ፣ እናንተ የማታውቋቸው ፋይሎች ካሉ እዚያው ተዉአቸው። የስማቸው መጨረሻ ካልታያችሁ ቅድም በገባንበት «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ።

6. የቀዳችሁትን ፎልደር በቀኝ ተጫኑና ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው አንቲቫይረስ፣ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ስካን አድርጉት። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። በመጨረሻም በሦስተኛው ደረጃ ያነሳችሁትን ምልክት መልሱ። የዊንዶውስን ፋይሎች በስህተት ከመሰረዝ ያድናችኋል።

ቀስቷን ቀድማችሁ ነክታችሁ ከነበረስ? ያኔ ታማሚው ፍላሹ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን ሳታጸዱ ፍላሹን ብታጸዱ ጭቃ ላይ ቆሞ እግር እንደመታጠብ ነው። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡ። ከታች «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚል አለ። የከፈታችሁትን ሥራ ሁሉ ሴቭ አድርጉና እሱን አስጀምሩ። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ገና ሳይከፈት ይመረምራል። ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የዚህ ጥቅሙ ቫይረሱ ተኝቶ እያለ መያዙ ነው፤ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ራሳቸውን የሚሸሽጉ አሉና።

መዳኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለኝ። ባዶ ፍላሽ ፎርማት አድርጉ፣ አንድ ተራ ፎልደር ፍጠሩበት፣ ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ፎልደሩ ቀስት ካበቀለ ገና ነው።

ፎቶኮፒ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለዚህ ብቻ በተለየ ፍላሽ ያዙ። የልጆቻችሁን ፎቶና የዲግሪያችሁን ቅጂ በያዘው አትሂዱ። ከዚህም የሚሻል አንድ ዘዴ አለ። የስልክ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ትልቁ ካርድ ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለው። ወደ ታች ስትገፉት መጻፍ ይከለክላል። አብዛኛው የካርድ ማንበቢያ ይህን ያከብራል፤ ይነበባል፣ አይጻፍበትም። ፎቶኮፒ ቤቱ በቴሌግራም የሚቀበል ከሆነማ ከስልካችሁ ላኩላቸውና ተገላገሉ። የራሳችሁን ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ግን እነሱ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱ። በቀን ስንት ሰው የሚነካው ማሽን ላይ ፓስዎርድ መጻፍ መሀል መርካቶ ቆሞ ብር እንደመቁጠር ነው።

«የእኔ ላፕቶፕ ኢንተርኔት አይነካውም፣ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ሞልቷል። በ2002 ዓ.ም. የተገኘው ስተክስኔት የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም የኢራን ናታንዝ የኑክሌር ጣቢያ ውስጥ ገብቷል። ጣቢያው ከኢንተርኔት የተነጠለ ነበር። ወደ ውስጥ የገባው በፍላሽ እንደሆነ ይታመናል።

አንዴ ተስተካክለው የሚቀሩ ነገሮች

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ፦ የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ክፈቱት። ቅድም በገባንበት «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ይላል። ዊንዶውስ ይህን ደብቆ ነው የሚመጣው፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተጠቀመው ይህንን ነው። ኢሜይሉ «እወድሃለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል አለ። ለሚያየው ሰው ስሙ በቲኤክስቲ ያልቃል፤ ተራ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቪቢኤስ የሚል ትክክለኛ መጨረሻ ግን ተደብቋል። ሰው ደብዳቤ የከፈተ መስሎት ፕሮግራም አስነሳ። ፊሊፒንስ ያኔ እንዲህ ያለውን ድርጊት የሚከስ ሕግ ስላልነበራት የተጠረጠረው ተማሪ ተለቀቀ።

ዛሬም ያው ነው። «ደረሰኝ» የሚል ፋይል ስሙ ውስጥ ፒዲኤፍ ቢልም መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ ደረሰኝ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር አፕዴት ነው። ሰው አፕዴትን እንደ ዳታ ሌባ ያየዋል። ቅሬታው ይገባኛል፣ ጥቅሉን ጥርግ ያደርገዋል። ግን ይህን ስሙ። ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። «ዋናክራይ» የተባለው ራንሰምዌር በዚያው ቀዳዳ የገባው ግንቦት 4 ቀን ነው። ለሁለት ወር ገደማ መድኃኒቱ ነበረ። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተያዙ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። የሚጠይቀው ቤዛ 300 ዶላር ነበር፣ በቢትኮይን። ያስቆመው አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ባለሙያ ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው የሚጠራውን፣ ማንም ያላስመዘገበውን የድረ ገጽ ስም አይቶ በጥቂት ዶላር ገዛው። ስሙ ሲመዘገብ ዋናክራይም መዛመቱን አቆመ።

ስለዚህ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ስትቀመጡ አፕዴቱን ልቀቁት። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን እወቁ። ላፕቶፑ ከቻለ ወደ 11 ቀይሩት። ካልቻለ ማይክሮሶፍት ለተወሰነ ጊዜ ያዘጋጀውን የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አስመዝግቡ፣ ወይም በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኑበት። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በነፃ ናቸው።

አንቲቫይረስ? ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ሰው ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ጥበቃውን አያጠነክረውም። እርስ በርስ ይያያዙና ማሽኑ ይቆማል።

ክራክ

ክራክ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ ማስነሻ ነው። ይህን ስጽፍ ሳላፍር አልቀርም። እኔም ተጠቅሜበታለሁ።

ለላፕቶፔ የኦፊስ አክቲቬተር ከአንድ ቻናል አወረድኩ። ዚፕ ፋይሉ ፓስዎርድ ነበረው፤ ፓስዎርዱ እዚያው ሥሩ ተጽፏል። አብሮት ያለው ማብራሪያ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» ይላል። እኔም አጠፋሁ። ኦፊሱ ሠራ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ቴሌግራሜ ለሁለት መቶ ሰው የ«ኢንቨስትመንት» ማስታወቂያ ይልክ ጀመር። አጎቴ ደውሎ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ነጋዴ የሆንከው?» አለኝ።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነበር። ዚፑ የተቆለፈው አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። «አጥፉ» የተባልኩት የቀረውን ዘበኛ እንዳሰናብት ነው። ሌባው ማስታወሻ ጽፎልኝ ነበር የገባው።

መፍትሔው ሰነድ ለመጻፍ ሊብሬ ኦፊስን በነፃ መጫን ነው። ወይም የማይክሮሶፍትን ኦፊስ ብሮውዘር ላይ በነፃ መጠቀም። ከሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ ሻጩ «ሁሉንም ፕሮግራም ጭኜበታለሁ» ካላችሁ ውለታ አይደለም። ቤት ስትገቡ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ እንደ አዲስ ጫኑት።

ቴሌግራማችሁ ከተወሰደ እንዲህ አድርጉ። ከስልካችሁ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» ውስጥ ግቡ። የማታውቁት መሣሪያ ካለ፣ ባይኖርም፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ። ዘራፊው የሚወስደው ፓስዎርድ ብቻ አይደለም። የገባችሁበትን ክፍት በር ራሱን ቀድቶ ነው የሚሄደው። ፓስዎርድ ቀይራችሁ ሌላውን መሣሪያ ካላስወጣችሁ ሰውየው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ፓስዎርድ የምትቀይሩትም ከታመመው ላፕቶፕ ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው።

መልእክትና ሊንክ

በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ አንድ ማታለያ አለ። ድረ ገጽ ትከፍታላችሁ፣ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይላል። እስከዚህ የለመድነው ነው። ከዚያ ግን የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ይላችኋል። እንዳታደርጉት። የመጀመሪያው የትእዛዝ መስኮት ይከፍታል፣ ሁለተኛው ገጹ በስውር ያስገለበጣችሁን ትእዛዝ ይለጥፋል፣ ሦስተኛው ያስነሳዋል። በገዛ እጃችሁ ነው የጫናችሁት። የእውነተኛ ድረ ገጽ ማረጋገጫ ከብሮውዘሩ ውጭ ምንም አያስነካችሁም።

ሌላው «ቪዲዮውን ለማየት ይህን አፕዴት ያድርጉ» የሚለው ነው። ይህ ለእኛ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በዚህ መንገድ የስፓይዌር ኢላማ እንደነበሩ አሳይቷል። በኢሜይል ሊንክ ይደርሳቸዋል። ሊንኩ የሚያውቁትን የቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ቦታ ይወስዳቸዋል። ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት «አዶቢ ፍላሽን አፕዴት ያድርጉ» ይላል። አፕዴቱ ሰላዩ ነው።

ይህ ፍላሽ የምንሰካው አይደለም፤ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነበር። አዶቢ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጨርሶ አቁሞታል። ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት» የሚላችሁ ሁሉ ውሸታም ነው፤ አንድም የተለየ የለም። ሌላውን አፕዴት ደግሞ ድረ ገጽ ሲነግራችሁ አታድርጉ፣ ከፕሮግራሙ ከራሱ ውስጥ አድርጉ።

ስልክ

ስልክ ላይ በሩ ኤፒኬ፣ ማለትም የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል ነው። በቴሌግራም «የሠርግ መጥሪያ»፣ «የሽልማት አፕ»፣ «አዲሱ የባንክ አፕ» እየተባለ ይመጣል። የሠርግ መጥሪያ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ይሆናል እንጂ የሚጫን አፕ አይሆንም። የላከላችሁ የአክስታችሁ ልጅ ቢሆንም ደውላችሁ ጠይቁት። የእሱም ስልክ ተይዞ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ፈቃድ ነው። የተሠራው ማየት ለተሳናቸውና ሌላ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ነው። ይህን ያገኘ አፕ ስክሪናችሁን ያነባል፣ በእናንተ ፋንታ ይጫናል። የባንክ አፕ ከፍቶ ብር ለመላክ ይበቃዋል። የእጅ ባትሪ አፕ ይህን ምን ያደርግለታል?

እንዲህ ያለ አፕ ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ አጥፉ። በሌላ ስልክ ለባንካችሁ ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ። ከዚያ ስልኩን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም የጫናችኋቸው አፖች በማይሠሩበት ሁኔታ አስነሱ፤ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ጽሑፍ ተጭኖ በመያዝ ይመጣል። «ሴቲንግስ» ውስጥ የአፑን የአክሰሲቢሊቲና የ«ዲቫይስ አድሚን» ፈቃድ ንጠቁት፣ ከዚያ አጥፉት። ፈቃዱን ሳትነጥቁ አልጠፋም ሊላችሁ ይችላል። ጥርጣሬ ከቀረ ፎቶአችሁን አውጥታችሁ ስልኩን «ፋክተሪ ሪሴት» አድርጋችሁ እንደ አዲስ አስጀምሩት።

ራንሰምዌር ሲመጣ፣ ከመምጣቱም በፊት

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አሥር ቀን ሲቀራት ፋይሎቿ ሁሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማይታወቁ አራት ፊደሎች ተጨመሩባቸው። በየፎልደሩ አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል፤ ይህን ያህል ዶላር ክፈይ ይላል። የጀመረው ከክራክ ነበር። ጽሑፏን ያተረፈላት አንቲቫይረስ አይደለም። ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው፣ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ቅጂ ነው።

የባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ ደንቡ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ቦታ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ጉግል ድራይቭ ወይም ወንድማችሁ ቤት። ዋናው ነገር ዲስኩን ቀድታችሁ እንደጨረሳችሁ መንቀል ነው። እንደተሰካ ከቀረ ራንሰምዌሩ እሱንም ይቆልፈዋል። በወር አንዴ ደግሞ ከዲስኩ አንድ ሁለት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። የማይከፈት ባክአፕ ይዘው ዓመታት የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ቀኑ ከደረሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የተሰካ ዲስክ ካለ አውጡ። ማስታወሻውን በስልክ ፎቶ አንሱት። የተቆለፉትን ፋይሎች አትሰርዙ፣ ወደ አንድ ዲስክ ቅዷቸውና አስቀምጡ። ከሌላ ኮምፒውተር «ኖ ሞር ራንሰም» የሚለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። የሆላንድ ፖሊስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልና ሁለት የአንቲቫይረስ ድርጅቶች በ2008 ዓ.ም. የጀመሩት ነው። ማስታወሻውንና አንድ የተቆለፈ ፋይል ስትሰጡት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል፣ መፍቻ ካለው በነፃ ይሰጣችኋል። ዛሬ ባይኖር ከዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ፋይሎቹን አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ላፕቶፑ ፎርማት የሚደረገው።

አትክፈሉ። ቁልፍ ስለመስጠታቸው ማንም ዋስ የለም። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዩክሬን የተነሳው «ኖት ፔትያ» ቤዛ ይጠይቅ ነበር፤ የከፈለም ያልከፈለም ፋይሉን አላገኘም። ሲሠራም ለማጥፋት ነበር እንጂ ለመመለስ አልነበረም።

የፎቶኮፒ ቤቷ ልጅ እንዴት ሆነች? አንድ ቅዳሜ ሄጄ የፎቶኮፒ ቤቱን ኮምፒውተር ኦፍላይን ስካን አደረግንላት። ማሽኑ ሲመረምር ቡና አፈላችልን። ስምንት ነገር ተገኘ። አፕዴቱንም ለቀቅንለት፣ ማታውን ሙሉ ሲያወርድ አደረ። በሳምንቱ ሳልፍ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ፍላሽ አንቀበልም። በቴሌግራም ይላኩ።» በትልልቁ፣ በቀይ።

እኔ ቆሜ ሳነብ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከኮታቸው ደረት ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ፍላሽ አወጡ። «ልጄ፣ ይቺን አንድ ገጽ…» አሉ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ይስጡኝ አባባ» አለችና ሰካችው።